ደረጃ ያስወጣችኝ ልጅ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ወር አዘገየሁት። በእንቅስቃሴ አክማ ያቆመችኝን ፊዚዮቴራፒስት ቶሎ አመስግኜ እንደገና ብወድቅስ ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን የቤቴን ደረጃ ሳልቆም እወጣለሁ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት ውለታ መብላት ነው።

የታመምኩት የሳንባ ደም ስር ነው። የረጋ ደም ሳንባዬ ውስጥ ገብቶ፣ ሳይሟሟ ቀርቶ፣ ውሎ አድሮ ጠባሳ ሆኖ ከደም ስሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ይህን ያወቅኩት ከ4 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ አንዱ "አስም ነው" ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ሌላው "ውፍረት ቀንስ" አለኝ። አንደኛውማ ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል "ጭንቀት ነው" ብሎኝ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ስል ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ጭንቀት! ስማቸውን አላነሳም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ትክክለኛውን ምርመራ አዘዘችልኝና ጉዱ ወጣ። ኦፕራሲዮኑን ለማስረዳት አልሞክርም። ደረቴን ከፍተው፣ ሰውነቴን 20 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አቀዝቅዘው፣ የደም ዝውውሬን ለደቂቃዎች አቁመው፣ ጠባሳውን ከውስጥ ልጠው አወጡት አሉኝ። ሌላም ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ እኔ ግን "ዝውውሩን እናቆማለን" የሚለው ላይ ቀርቼ የቀረውን አልሰማሁም።

ደም ስሬ ተከፈተ። እኔ ግን ቤት ገብቼም ከሶፋው አልተነሳሁም። ለዓመታት ያልሠራ እግር ክር ሆኖ ነበር። ደግሞ ፍርሃቱ! ልቤ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲመታ "መጣ" እላለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የማገገሚያ ቦታ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጥተው፣ መራመጃ ማሽን ላይ አቁመውኝ፣ ልጁ ስልኩን ይነካካ ጀመር። ቀጥሎ ክብደት አንሳ አለኝ። ደረቴ ከተከፈተ ገና 3 ሳምንት አልሞላኝም! የዚያን ዕለት ማታ ስስል የደረቴ አጥንት ቋ ሲል ሰማሁት። ጠዋት ሮጬ ለቀዶ ሐኪሙ ታየሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። "አንተ ልብህም ሳንባህም ተነክቷል፣ ዝም ብለህ ተኛ" ብለው ሸኙኝ። ተኛሁ። ባሰብኝ።

ከዚያ ነው ክትትል የማደርግበት ቦታ ያለች ነርስ የዚህችን ፊዚዮቴራፒስት ስልክ የሰጠችኝ።

ገና ስገባ ማሽን አላሳየችኝም። ወረቀቶቼን በሙሉ አነበበች፣ ለሐኪሜ ደወለች፣ ከዚያ "ጋሼ፣ ምን ማድረግ ነው የናፈቀዎት?" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፎቅ ላይ ያለው አልጋዬ ላይ መተኛት አልኳት። ሁለት ዓመት ምድር ቤት ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። "እሺ፣ ሥራችን እሱ ነው" አለች።

ኮሪደር ላይ 6 ደቂቃ አስሄደችኝ። 210 ሜትር። አፈርኩ። እሷ ጻፈችውና "ይሄ መነሻችን ነው" አለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ጣቴ ላይ ኦክስጅን መለኪያዋን ትሰካለች፣ በየመሀሉ "ከ0 እስከ 10 ስንት ደከመዎት?" ትላለች። 4 ካልኩ ታዘገየኛለች። ሲያስለኝ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ እንድስል ያሳየችኝ እሷ ናት። ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኬን ስለምወስድ መውደቅ ለእኔ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ቀን የጫማዬን ሶል ገልብጣ አይታ "ይሄ ያንሸራትታል" ብላ ስለ ካልሲዬም ጭምር ተቆጥታኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደረጃ የጀመርን ቀን ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። "ልጄ፣ ልሞት ነው" አልኳት። መለኪያውን አየች። "ኦክስጅንዎ 93 ነው፣ ልብዎ 118። ደህና ነዎት።" አላመንኳትም። ይሄኔ ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝና ምን አደረገች መሰላችሁ? ራሷ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ሮጣ ወጥታ ወረደች። እያለከለከች መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለችና መለኪያውን የራሷ ጣት ላይ ሰካችው። የልቧ ምት 141!

"አዩ ጋሼ? እኔም ትንፋሼ ተቆርጧል። ግን ልሞት ነው አልኩ?"

ሳቄ መጣ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን አለከለክን። ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ከንፈሬን ሾል አድርጌ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ አደረገችኝ፤ አብራኝ ተነፈሰች። ለ4 ዓመት የትንፋሽ ማጠር ማለት ለእኔ አደጋ ማለት ነበር። ጤነኛ ሰውም ደረጃ ሲወጣ እንደሚያለከልክ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ያን ቀን ስምንተኛውን ወጣሁ።

ደግሞ እንዳይመስላችሁ፣ ዝም ብላ የምታበረታታ አይደለችም። አንድ ጠዋት ቁርጭምጭሚቴን አይታ "ይሄ አብጧል" አለች። መዘነችኝ፤ በሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ጨምሬያለሁ። የዚያን ቀን አላሠራችኝም። ሐኪሜ ጋ ደውላ በዚያው ቀን ላከችኝ፣ መድኃኒቴ ተስተካከለ። የመጀመሪያው ቦታ ቢሆን ማሽኑ ላይ ያቆሙኝ ነበር።

በ12ኛው ሳምንት ያንኑ ኮሪደር በ6 ደቂቃ 430 ሜትር ሄድኩ። ልጅቷ ከእኔ በላይ ጮኸች።

እባካችሁ፣ ይህን ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው ካላችሁ ሶፋ ላይ አትተዉት። መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለት ወደ እሷ ላኩት። እሷ የትሕትና ሰው ስለሆነች ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ስልኳን እሰጣለሁ። ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ ወረፋ አላት። ወረቀቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ በሙሉ ታነባቸዋለች። ጫማችሁንም ታያለች!

ፎቅ መተኛት ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሌሊት በደስታ አለቀሰች። በሦስተኛው ሌሊት ግን ቀስቅሳ "ማንኮራፋትህንም መለሰችልህ እንዴ?" አለችኝ።