ፋይት ኩዌስት ወይስ ሂውማን ዌፐን? ፍላሽ ላይ ከማስጫናችሁ በፊት

ስለ ፋይት ኩዌስትና ሂውማን ዌፐን ቴኳንዶ የሚሠሩት የሰፈሬ ልጆች ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። "ሁለቱም ያው አይደሉም እንዴ? የቱን እናስጭን?" ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ፋይት ኩዌስትን ውሰዱ። ብር ከተረፋችሁ ፋይትወርልድ የሚባለውን ሦስተኛ ተከታታይ ጨምሩ። ሂውማን ዌፐን የሚሆነው ለአንዳንድ ሰው ብቻ ነው።

ለማያውቃቸው በአጭሩ፦ ሁለቱም በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመሩ የአሜሪካ ተከታታዮች ናቸው። ሂውማን ዌፐን በሂስትሪ ቻናል፣ ፋይት ኩዌስት በዲስከቨሪ ነው የታዩት። ሁለት ሰዎች ከአገር አገር ይዞራሉ፣ የየአገሩን የፍልሚያ ስልት ይማራሉ፣ መጨረሻ ላይ ከአገሬው ተጋጣሚ ጋር ይገጥማሉ። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ነው ሰው የሚምታታበት።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ማስጫን 5 ብር ነው። ሂውማን ዌፐን 16 ክፍል ስለሆነ 80 ብር ይመጣል። ፋይት ኩዌስት 13 ነው፣ 65 ብር። ጫኚው ወዲያው "15 ብር ብትጨምር ሦስት ክፍል ታተርፋለህ" ይላችኋል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ከ16ቱ ውስጥ ሁለቱ ከአሜሪካ የማይወጡ ናቸው፤ አንዱ ስለ ድብልቅ ፍልሚያ፣ አንዱ ስለ አሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ሥልጠና። ዓለምን ልዙር ብላችሁ ከከፈላችሁት 10 ብሩ እዚያው አሜሪካ ቀረ ማለት ነው። (ፋይት ኩዌስትም አንድ እንዲህ ያለ ክፍል አለው፤ ካጁኬንቦ የሚባለውን ስልት የሚያሳየው። አልደብቅም።)

ደግሞ ክፍል ብቻ አትቁጠሩ፤ ግጥሚያ ቁጠሩ። በሂውማን ዌፐን ጄሰን ቻምበርስና ቢል ደፍ አብረው ነው የሚጓዙት። መጨረሻ ላይ ግን አንዳቸው ይገጥማሉ፣ ሌላው ዳር ቆሞ "በርታ" ይላል። በአንድ ክፍል አንድ ግጥሚያ፤ 5 ብር። በፋይት ኩዌስት ጂሚ ስሚዝና ዳግ አንደርሰን አገሩ እንደገቡ ይለያያሉ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አስተማሪ ጋ ሄደው አምስት ቀን ያህል ይለፋሉ፣ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይገጥማሉ። ግጥሚያው 2 ብር ከ50 ወረደላችሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ልበል እንጂ። የፋይት ኩዌስት ጥቅሙ ያ አምስት ቀን ነው። ሂውማን ዌፐን ላይ ሰዎቹ ከአንዱ ማሠልጠኛ ወደ ሌላው ይሮጣሉ፣ አንድ ምት ተምረው ያልፋሉ። ፋይት ኩዌስት ላይ ሰውየው ሲደክም፣ ሲያነክስ፣ ሊተወው ሲደርስ ታያላችሁ። የጃፓኑን የኪዮኩሺን ካራቴ ክፍል ተመልከቱ። ኪዮኩሺን ጓንት የለውም፤ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፣ በእግር ግን ይቻላል። ስለዚህ ደረትና ጭን ላይ ነው መዓቱ የሚወርደው። የሕንዱ ካላሪፓያቱም አለ። የኬረላ ስልት ነው፤ የሚሠለጥኑበት ቦታ መሬቱ ዝቅ ተደርጎ የተቆፈረ ነው፣ ገላቸውን ዘይት ይቀባሉ፣ በዱላ ጀምረው ሰይፍና ጋሻ ድረስ ይሄዳሉ። የፈረንሳዩ ሳቫት ደግሞ ጫማ አድርገው የሚራገጡበት ነው። ጫማ አድርጎ መራገጥ እኛ ሰፈር ስፖርት ሳይሆን የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ለማንኛውም።

የፊሊፒንስ የዱላ ፍልሚያ ሁለቱም ላይ አለ። ይቺን ክፍል መንዝ ላለ ዘመድ ስታሳዩ ተጠንቀቁ። አያ እገሌ ዱላ ይዘው ነው ያደጉት፤ "ይሄማ ምኑ ዱላ ነው፣ ሸንበቆ ነው" ብለው ይጀምሩና ፊልሙን ማየት ትታችሁ እሳቸውን ታያላችሁ። እውነታቸውንም ነው፤ የሚሠለጥኑበት ዱላ ቀላል ነው፣ እጅን እንዲያፈጥን።

ቋንቋውንም አስቡበት። አንዱም የአማርኛ ትርጉም የለውም። ሂውማን ዌፐን ታሪክ ያወራል፣ ያብራራል፣ አሁንም ያብራራል። እንግሊዝኛው የማይገባው ሰው ግማሹ ያልፈዋል። ፋይት ኩዌስት ላይ ሰውየው ሲመታ መመታቱ ይታያል፣ አስተማሪው ሲቆጣ ፊቱ ይናገራል። እናቴ ያለ ማንም ትርጉም ጨርሳዋለች። "ይሄን ልጅ ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚቀጡት?" እያለች።

ሂውማን ዌፐን የሚመካው በኮምፒውተር በተሠራ ምስሉ ነው። ምቱ የትኛው አጥንት ላይ እንዳረፈ፣ ኃይሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ያሳያል። በጥሩ ቅጂ ሲታይ ግሩም ነው። ችግሩ እኛ ጋ የሚደርሰው ቅጂ ነው። ብዙ ሱቅ ቦታ ለመቆጠብ ለስልክ ተብሎ የታመቀውን ይጭናል። አጥንቱም ጡንቻውም አንድ ላይ ተለውሶ ይታያችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት የፋይሉን መጠን ጠይቁ። ለአንድ ክፍል 350 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከ100 በታች ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ለፍላሹ ቦታ አታስቡለትም?

አሁን ብሬን ወደበላው ጉዳይ ልግባ። ሁለቱ ተከታታዮች በደህናው መጠን አንድ ላይ 10 ጂቢ አካባቢ ይሆናሉ። ሁለቱንም ላስጭን ብዬ አንድ ሱቅ 64 ጂቢ የተባለ ፍላሽ በ350 ብር ወሰድኩ። ጀርባው ላይ 64 ይላል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም 64 ያሳያል። ሁሉም ክፍል ተጫነ፣ ስሙ በዝርዝር ይታያል። ቤት ሄጄ ስከፍት ግን የመጀመሪያዎቹ በሰላም ያልፋሉ፣ ወደ መጨረሻ ያሉት ጥቁር ናቸው። የእንዲህ ያለ ፎርጅድ ፍላሽ ጠባዩ ይሄ ነው። ውስጡ 8 ጂቢ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 64 ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲሞላ አይናገርም፣ መጫኑንም አያቆምም፤ ፋይሉን የበላ መስሎ ይተፋዋል።

መልሼ ብወስድ "ዋስትና አለው" ያለኝ ሰውዬ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" አለኝ። ሌላ ቦታ 50 ብር ከፍዬ ፎርማት አስደረግሁ። ፎርማት አያድነውም። ቢበዛ ባለሙያ በእውነተኛ መጠኑ ልክ ከፍሎ 8 ጂቢ ያደርግላችኋል እንጂ 64 አይሆንም። 350 እና 50 ሲደመር 400 ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ጨምሬ ኦርጅናል 32 መግዛት እችል ነበር።

እና ይሄን አድርጉ። ብር ሳትሰጡ በመጨረሻ የተጫነውን ፋይል እዚያው ሱቅ አስከፍቱ። የመጀመሪያውን አይደለም፤ እሱ ሁሌም ይሠራል። አስከፍታችሁም መሃሉ ላይ ወስዳችሁ እዩት። በተለይ ከመሐል ሜዳ ወይ ከሸዋ ሮቢት መጥታችሁ የምታስጭኑ፦ ፍላሹ ቢበላሽ የመመለሻ ትራንስፖርቱ ብቻ ከጠቅላላው የማስጫኛ ዋጋ ይበልጣል።

ሌላው የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። የቆየ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር አዲሱን ኤችኢቪሲ የሚባል አስተጫጨን አያነብም። ድምፅ እየሰማችሁ ምስል ከሌለ ቴሌቪዥኑን ጠጋኝ ጋ አትውሰዱት፤ የፋይሉ ችግር ነው። "በአሮጌው አድርግልኝ" በሉት፣ ያውቀዋል። ሁለቱም ተከታታዮች የድሮ ስለሆኑ በአሮጌው ምንም አይጎድልባቸውም።

ፋይትወርልድ ሌላ ነገር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ተዋናዩ ፍራንክ ግሪሎ ነው የሚዞረው። አምስት ክፍል ብቻ ነው፦ ሜክሲኮ፣ ታይላንድ፣ ምያንማር፣ ሴኔጋል፣ እስራኤል። በዋናው መንገድ ለማየት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ያለው ወርኃዊውን ከፍሎ አምስቱን በሁለት ማታ ይጨርሳል። ለሁለት ክፍል ስል ነው የምወደው። የምያንማሩ ሌትዌ እጅ በጨርቅ ብቻ ተጠቅልሎ፣ በጭንቅላት መግጨት ሳይቀር የተፈቀደበት ነው። የሴኔጋሉ ትግል ደግሞ ስታዲየም ይሞላል፤ ከበሮው፣ ክታቡ፣ ታጋዩ ገላው ላይ የሚያፈስሰው ፈሳሽ። የእኛም ባህላዊ ትግል አለ፤ እንዲህ የሚቀርጸው ግን እስካሁን አላየሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሦስቱንም የገዛ ሰው ታይላንድን ሦስት ጊዜ፣ እስራኤልን ሦስት ጊዜ ነው የሚከፍልባቸው። ፊሊፒንስንና ፈረንሳይን ሁለት ሁለት ጊዜ። እኔ ክራቭ ማጋ ለሚባለው ለአንድ የእስራኤል ስልት ሦስት ጊዜ አልከፍልም።

ታዲያ ሂውማን ዌፐን ለማን ነው? የሩሲያን ሳምቦ፣ የግሪክን ፓንክሬሽን ማየት ለሚፈልግ፤ ፋይት ኩዌስት ላይ የሉም። ለእናንተም ነው፣ ቴኳንዶዎች። ፋይት ኩዌስት ኮሪያ ሲሄድ ሃፕኪዶ የሚባለውን ሌላ ስልት ነው የሚያሳየው፤ የቴኳንዶ ክፍል ያለው ሂውማን ዌፐን ነው። ግን ለእሷ ብላችሁ 80 ብር አታውጡ። ያቺን አንዷን ለይታችሁ በ5 ብር አስጭኑ። ጫኚው "ሙሉውን ካልወሰድክ አልነጥልም" ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ፤ መናኸሪያው አካባቢ ሌላ ጫኚ አይጠፋም።