ጉልበት ለተቀየረላት እናቴ የተሰጣት ሴንሰር፦ የሚያየውና የማያየው

እማዬ ጉልበቷን አስቀይራ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ስታገግም፣ ክሊኒኩ ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች ሰጥቶን ነበር። አንደኛው ጭኗ ላይ፣ ሌላው ከጉልበቷ በታች ቅልጥሟ ላይ በላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። ውስጣቸው ያለው እንቅስቃሴንና መዞርን የሚለኩት አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ ነው፤ ስልካችን ውስጥም ያሉ ናቸው። ጭንና ቅልጥም ምን ያህል እንዳዘነበሉ ለየብቻ ይለኩና፣ ከሁለቱ ልዩነት የጉልበቱ ማዕዘን በዲግሪ ተሰልቶ በብሉቱዝ ስልኩ ላይ ይወጣል።

የወደድኩለት ይህንን ቁጥር ነው። እማዬ ህመሙ ትናንትም ዛሬም አንድ ስለሆነባት «ምንም ለውጥ የለውም» እያለች ስፖርቱን ልትተወው ደርሳ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ እየሳበች ስልኩን አሳየኋት፤ 84 ይላል። «ትናንትናስ?» አለችኝ። 81 ነበር። «እስቲ አንዴ ልድገመው» አለች። ከወንበር ለመነሳትና ደረጃ ለመውረድ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ግድም መታጠፍ ያስፈልጋል፤ እሷ ቡና የምታፈላበት በርጩማ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ሁላችንም መታጠፉን ስናይ፣ ሴንሰሩ የያዘው ሌላ ችግር ነበር፦ ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ዜሮ መድረስ ሲገባው 10 ላይ ቆሟል። ፊዚዮቴራፒስቷ ቁጥሩን ከክሊኒኳ አይታ ደወለችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ትራስ ነው። እውነትም ሊጠይቃት የሚመጣው ዘመድ ሁሉ እንዲመቻት ብሎ ከጉልበቷ ሥር ትራስ ያደርግላታል። ትራሱ ከተረከዟ ሥር ሆኖ ጉልበቷ ባዶውን ይዘርጋ ተባለ። ጉልበት እንደታጠፈ ከቀረ ሰው አንክሶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ያቺ የስልክ ጥሪ ለእኔ የዕቃውን ዋጋ ሁሉ ታወጣለች።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ማሰሪያው ይንሸራተታል፤ ቀሚስ ሲነካው ደግሞ ቁጥሩ ይዛባል። ሲጀመር «እግርሽን ቀጥ አድርገሽ ቁሚ» ይልና ያንን ዜሮ ብሎ ይይዛል፤ ያልተዘረጋ ጉልበት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የእኛዋ ፊዚዮቴራፒስት ጎኒዮሜትር በሚባለው የማዕዘን መለኪያ በእጇ ለክታ ስላስተካከለችው ነው የተረፍነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ክብደት አለማየቱ ነው። እማዬ ከወንበር ስትነሳ ሸክሙን በሙሉ ደህነኛው እግሯ ላይ ጥላ ትነሳለች፤ የታመመው ጉልበት ታጥፎ ስለሚዘረጋ ሴንሰሩ «ጥሩ ነው» ብሎ ይቆጥርላታል። ይህን የሚያየው አጠገቧ ያለ ሰው ብቻ ነው። አፑ የሚናገረው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በመሆኑም ብቻዋን ልትሠራበት አልቻለችም። እኔ «ተረከዝ መሳብ»፣ «እግር ዘርግቶ ማንሳት» እያልኩ ከነሥዕሉ በአማርኛ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት። ይህን ያህል አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ድምፁን ቢቀዳላቸው ምን ነበረበት? እናቶቻችን ልጅ ከሥራ እስኪመለስ መጠበቅ የለባቸውም።

ስለ ክፍያው፦ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ የርቀት ክትትል ለክሊኒኮች ይከፍላል። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ለሌለው ሰው ግን ዓመታዊው ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚከፍለው) ካለቀ በኋላ 20 በመቶው ከኪስ ነው፤ ቢል ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ።

ቤት ውስጥ አብሯቸው የሚሆን ሰው ካለና ፊዚዮቴራፒስቱ ቁጥሩን በእርግጥ የሚከታተል ከሆነ ውሰዱት እላለሁ። ስትረከቡም «ቁጥሩን ማን ነው የሚያየው? በስንት ቀኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ በዚያው ገንዘብ አንድ ተጨማሪ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያዙላቸው።