ማትጆብስ ለስታቲስቲክስ መምህራን ቅጥር፦ በደብዳቤ የሚያኮራ፣ በገበያ ግማሽ

ማትጆብስ በአሜሪካ ያሉ የሂሳብ ትምህርት ክፍሎች መምህርና ተመራማሪ የሚቀጥሩበት ድረ ገጽ ነው። ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ክፍል ተነሥቶ አሁን በአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ስር ይሠራል። አመልካች አይከፍልም፣ ሪኮመንዴሽን የሚጽፈውም አይከፍልም። የሚከፍለው ማስታወቂያ የሚያወጣው ቀጣሪ ነው። እዚህ የምንመዝነው ለስታቲስቲክስ ቅጥር ምን ያህል እንደሚሆን ነው፤ የስታቲስቲክስ ገበያ ከሂሳቡ ጋር አብሮ ቢውልም አብሮ አያድርም።

ከጠንካራው ጎን እንጀምር፤ እሱም የሪኮመንዴሽን አያያዙ ነው። አመልካቹ የጸሐፊዎቹን ስምና ኢሜይል ያስገባል፣ ሲስተሙ ለእያንዳንዳቸው ሊንክ ይልካል፣ ጸሐፊው ገብቶ ፒዲኤፉን አንድ ጊዜ ይጭናል። ከዚያ በኋላ አመልካቹ 5 ቦታም ያመልክት 40፣ ያው ደብዳቤ ይሄድለታል። ጸሐፊው ለአንድ ቦታ ለየት ያለ ደብዳቤ ማስገባት ቢፈልግም መንገድ አለው። አመልካቹ ደብዳቤው መድረሱን ያያል እንጂ ውስጡን አያነብም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፖርታል ሲጠቀም ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል፦ አንድ ፕሮፌሰር ለአንድ ተማሪ 25 ኢሜይል ይደርሰዋል፣ 25 ጊዜ ፎርም ይሞላል፣ ሁለት ሦስቱ መረሳታቸው አይቀርም። የተረሳው ደግሞ አመልካቹ አጥብቆ የሚፈልገው ቦታ ሊሆን ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ማመልከቻ ጎድሎ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ሁሌም ተመሳሳይ ናቸው። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ይገባል። ወይም ጸሐፊው ጭኗል፣ አመልካቹ ግን ያንን ደብዳቤ ለዚያ ቦታ አልመደበውም፤ የተጫነ ደብዳቤ ሁሉ በራሱ ወደ ሁሉም ቦታ የሚሄድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ወይም ደብዳቤው «ለእገሌ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ተጽፎ ለ30 ዩኒቨርሲቲ ይበተናል። ስለዚህ ጸሐፊውን «ለቅጥር ኮሚቴው» ብሎ እንዲጀምር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጥያቄውንም ከቀነ ገደቡ አንድ ወር በፊት ማድረስ፣ ሳምንት ሲቀር ደግሞ ማስታወስ። ማስታወስ ነውር አይደለም፤ እነሱም ይጠብቁታል።

ማስተርሳቸውን አገር ቤት ሠርተው ዶክትሬታቸውን ውጭ ለያዙ አመልካቾች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ኢሜይል ነው። የቀድሞ አማካሪያችሁ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ሊኖራቸው ይችላል፤ በየቀኑ በስልካቸው የሚከፍቱት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ሊንኩ የሚላክበትን አድራሻ ራሳቸውን ጠይቁ። የግል ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው የተቋሙ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ይሁን፤ ቀን፣ ፊርማና የሥራ ድርሻም ይኑረው። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የተጋደመ ገጽ አትላኩ፤ በስካን አፕ ቀጥ አድርጎ ፒዲኤፍ ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ይዘቱ ነው። «ታታሪ፣ ጨዋና ተግባቢ ተማሪ ነበረች» የሚል የግማሽ ገጽ ደብዳቤ አሜሪካ ውስጥ እንደ ቅሬታ ሊነበብ ይችላል፤ ጸሐፊው የሚለው ያጣ ይመስላል። ኮሚቴው የሚፈልገው ዝርዝር ነው። ለምሳሌ ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ላይ በመልቲሌቭል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው እንበል (የአገራችን የስታቲስቲክስ ማስተርስ ጽሑፍ ግማሹ ይህ ነው ቢባል ማን ይከራከራል?)። ደብዳቤው ይህንን ብቻ ነግሮ ካቆመ ምንም አላለም። ናሙናው በእርከን የተወሰደ መሆኑን እንዴት እንደያዘችው፣ የናሙና ክብደቶቹን የት እንዳስገባቻቸው፣ የጎደለ መረጃ ሲገጥማት ምን እንዳደረገች፣ ከክፍሏ ስንተኛ እንደነበረች ሲጽፍ ነው ክብደት የሚኖረው። የማስተማር ሸክም በሚበዛባቸው ኮሌጆች ደግሞ ከሦስቱ ደብዳቤ አንዱ ስለ ማስተማር የሚናገር እንዲሆን ይጠየቃል። እዚያ ላይ በረዳት ምሩቅነት ወይም በሌክቸረርነት አገር ቤት 80 ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተማረ ሰው ትልቅ ብልጫ አለው፤ ይህንን የሚመሰክርለት ካገኘ።

የሽፋን ቅጹ፣ ማለትም አመልካቹ ስለ ራሱ የሚሞላው ፎርም፣ ሂሳብን አስቦ የተሠራ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የምርምር ዘርፍ የሚመረጠው በሂሳብ የትምህርት ዘርፎች መለያ ቁጥር ነው። 62 ስታቲስቲክስ ነው፣ 60 ፕሮባቢሊቲና ስቶካስቲክ ፕሮሰስ። ማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ሰው 68 ውስጥ ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር ይገኛል፣ ባዮሎጂ ላይ የሚያተኩር 92 ይስበዋል። ኮሚቴው በቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል፣ የስታቲስቲክስ ቦታ እየፈለጉ 68ን ወይም 92ን ቀዳሚ ዘርፍ ማድረግ ራስን ከዝርዝሩ ማስወጣት ሊሆን ይችላል። 62ን ቀዳሚ፣ ሌላውን ተከታይ ማድረጉ ይሻላል።

ስም ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ችግር አለ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን ያስገባል፣ ሌላው የአያቱን። ጸሐፊው ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ «ዶክተር አበበ» እያለ በራሱ ስም ይጠራዋል። የታተሙት ጽሑፎች በአባት ስም፣ ፓስፖርቱ በአያት ስም፣ ደብዳቤው በመጠሪያ ስም ሲሆን አንባቢው ሦስት ሰው የሚያይ ይመስለዋል። በጽሑፎቻችሁ ላይ የወጣውን ስም በሁሉም ቦታ አንድ አድርጉ፤ ለጸሐፊዎቹም ሙሉ ስማችሁ እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ፊደል በፊደል ላኩላቸው።

አሁን ወደ ቀጣሪው ወገን። የኮሚቴ አባላት በየራሳቸው መግቢያ ገብተው ፋይሉን ያነባሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ አስተያየት ይተዋሉ። በኢሜይል ፒዲኤፍ ከመቀባበል ጋር የሚወዳደር አይደለም። መሣሪያው ይህን ያህል ከረዳ የሚቀረው ንባቡን በሥርዓት ማከፋፈል ነው፤ ብዙ ኮሚቴዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው። 150 ማመልከቻ መጣ፣ ኮሚቴው 6 ሰው ነው፣ አንድ ፋይል በደንብ ለማንበብ 20 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሁሉም ሁሉንም ያንብብ ከተባለ ለእያንዳንዱ 50 ሰዓት ነው፤ ማንም አያነበውም፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም አይቶ ያልፋል። ከ6 ሰው 15 ጥንድ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጥንድ በዕጣ 10 ፋይል ቢሰጥ እያንዳንዱ ፋይል በሁለት ሰው ይነበባል፣ የእያንዳንዱ አንባቢ ድርሻም 50 ፋይል፣ ማለትም 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሙከራ ንድፍ ኮርስ የምናስተምረው ሚዛናዊ ያልተሟላ ብሎክ ይኸው ነው። ከዚያ ጥሬ ነጥቡን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይገባም፤ አንዱ አንባቢ ቆጣቢ ነው፣ ሌላው ለጋስ። የአንባቢውን ተጽዕኖ በአንድ ተራ የመስመር ሞዴል ማውጣት ይቻላል። ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጥሬ አማካይ እየወሰዱ እጩ መደርደር በእውነት ያሳፍራል።

መመዘኛው ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ይጻፍ፦ ምርምር፣ ማስተማር፣ ከክፍሉ ፍላጎት ጋር መገጣጠም፣ ዳታ ካላቸው ሌሎች ክፍሎች ጋር አብሮ የመሥራት አቅም። «በማንኛውም የስታቲስቲክስ ዘርፍ» የሚል ማስታወቂያ ማትጆብስ ላይ ከወጣ ከፕሮባቢሊቲና ከተግባራዊ ሂሳብ ብዙ ሰው ይመጣል፤ ሰዎቹ መጥፎ ስለሆኑ ሳይሆን ሳይቱ የእነሱ ሰፈር ስለሆነ ነው። የሰርቬይ ናሙና አስተማሪ ከፈለጋችሁ ሰርቬይ ናሙና ብላችሁ ጻፉ። የሚሰጡትን ኮርሶችና በሴሚስተር ስንት ክፍል እንደሚይዝም ጨምሩ።

የማትጆብስ ድክመት የሚታየው ሁሉም ማስታወቂያ እዚያ አለመገኘቱ ላይ ነው። ሂሳብና ስታቲስቲክስ አንድ ላይ ባሉባቸው ክፍሎች ማስታወቂያው እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ራሳቸውን የቻሉ የስታቲስቲክስ ክፍሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የራሱ ፖርታል ወይም ኢንተርፎሊዮ በሚባል ሌላ የማመልከቻ መቀበያ ሲስተም ነው የሚቀበሉት፤ በጤና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለ ባዮስታቲስቲክስማ ከነጭራሹ እዚህ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ አመልካች ማትጆብስን ብቻ ይዞ ከተቀመጠ ግማሹን ገበያ አላየም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር የሥራ ገጽ፣ የማቴማቲካል ስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት ማስታወቂያዎች፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ክፍል ለረጅም ዓመታት የያዘው የሥራ ዝርዝር፣ እነዚህ ሦስቱ በየሳምንቱ መታየት አለባቸው። የዱክ ልጅ የሆነው አካዳሚክ ጆብስ ኦንላይንም አለ፤ ማትጆብስን የለመደ ሰው አይቸገርበትም። ለብሪታንያ ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ ነው። እዚያ ግን ሂደቱ ሌላ ነው፤ ሪኮመንዴሽን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አጭር ዝርዝር ውስጥ ለገቡት ነው።

ከአገር ቤቱ አሠራር ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። እኛ ዘንድ ማስታወቂያ ወጥቶ ብዙ ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ መመዝገብ ነው፣ ከዚያ ጂፒኤ፣ ፈተናና ኢንተርቪው። የአሜሪካው ወቅት ረጅም ነው፦ ማስታወቂያው ከነሐሴ ጀምሮ ይወጣል፣ ቀነ ገደቦቹ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይከማቻሉ፣ የዙም ቃለ መጠይቁ ይከተላል፣ በጥርና በየካቲት እጩውን ወደ ግቢው ጋብዘው አንድ ሁለት ቀን ያውሉታል፤ የሥራ ገለጻው 50 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ቀነ ገደቡ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በፊት 11:59 ከሆነ፣ ኖቬምበር ሲገባ ሰዓታቸውን ከቀየሩ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59 ነው፤ ከመቀየራቸው በፊት ደግሞ ከንጋቱ 12:59። ማስታወቂያው «ፋይል ማየት የምንጀምረው በዚህ ቀን ነው» ካለ ግን ያ ቀን እንደ ቀነ ገደብ ይቆጠር፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው የሚነበበው ቦታ ከተረፈ ነው።

ቪዛን በተመለከተ ሳይቱ ምንም አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ በስታቲስቲክስ የተመረቀ ተማሪ 12 ወር የሥራ ፈቃድና 24 ወር ማራዘሚያ ያገኛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ብዙ አያሳስብም። ከአገር ውጭ ሆኖ ለሚያመለክት ግን ነገሩ ከብዷል፦ ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2025 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ለ12 ወር በታወጀው ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ፣ ውጭ ላለ ሰው የሚቀርብ አዲስ የኤች-ዋን-ቢ (የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ) ጥያቄ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሎበታል። ዩኒቨርሲቲው ይህንን እንዴት እንደሚይዘው በዙሙ ላይ ሳይሆን የግቢ ግብዣ ሲመጣ የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጣሪውም የሚጠብቀው ወረቀት አለ። ለተመረጠው የውጭ ዜጋ መምህር ግሪን ካርድ ለኮሌጅ መምህራን ባለው ልዩ አሠራር ለመጀመር ማመልከቻው ከምርጫው ቀን በ18 ወር ውስጥ መግባት አለበት፣ ማስታወቂያውም በሙያው አገር አቀፍ መጽሔት ላይ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ በኢንተርኔት ከሆነ ቢያንስ 30 ተከታታይ ቀን። ማትጆብስ ላይ ወጥቷል ብሎ በዚያ ብቻ መተማመን አያዋጣም። በአንድ የሙያ መጽሔት ገጽ ላይም አውጡት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ገጽ ከነሙሉ ጽሑፉ አትማችሁ አስቀምጡ። ይህ ካልተደረገ ቅጥሩ እንደገና በማስታወቂያ ሊጀመር ይችላል።

እንግዲህ ፍርዳችን፦ ከሂሳብ ጋር ለተጣመረ ክፍል ያለ ማመንታት ይከፈልበት። ለብቻው ለቆመ የስታቲስቲክስ ክፍል እንደ ተጨማሪ ማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ግን ማመልከቻውን በሁለት በር አትቀበሉ። አንዱ ሰው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን በዩኒቨርሲቲው ፖርታል አስገብቶ «ያልተሟላ» ተብሎ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለአመልካች ነፃ ስለሆነ ገና በነሐሴ አካውንት ከፍቶ ደብዳቤዎቹን ማስገባት ነው። ሥራ የተቀበለ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ገብቶ ቀሪ ማመልከቻዎቹን ከሲስተሙ ያውጣ፤ ሳያወጣ ከቀረ ሌላ ኮሚቴ በእሱ ምክንያት ሁለተኛውን እጩ ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል።