ቦሎኛ ያለችውን ልጃችንን እንድናያት ለረዳችን የፒያሳዋ ልጅ ምስጋና

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የትኬት ቢሮ አለች። እዚያ የምትሠራ ወጣት ለእኔና ለባለቤቴ ያደረገችልንን በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ ፈቃዷን አከብራለሁ። ልጆቻችሁ ውጭ የሚማሩባችሁ ወላጆች ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጃችን ጣሊያን፣ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ሄደን እንያት ስንል ዘመድ ሁሉ ሐሳብ ጨመረ። እህቴ ለንደን ናት። የባለቤቴ ወንድም ቪየና ነው። አንዴ ከወጣችሁ ሁሉንም አዳርሱ ተባልን። አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ በስልክ መስመር አወጣልን፦ ሮም፣ ቦሎኛ፣ ለንደን፣ ከዚያ ቪየና፣ ከቪየና ወደ አገር ቤት። ቪዛው ሳይወጣ የትኬቱን ሙሉ ዋጋ ክፈሉም አሉን።

ያንን ወረቀት ይዘን ፒያሳ ሄድን። ልጅቷ አንዴ አየችውና «እትዬ፣ በዚህ መስመር ከሄዳችሁ ለንደን ላይ ነው የምትቀሩት» አለችኝ።

ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ጣሊያንና ኦስትሪያ የሸንገን አገሮች ናቸው፣ በአንድ ቪዛ ይገባባቸዋል። እንግሊዝ ግን ከሸንገን ውጭ ናት፣ ራሱን የቻለ ቪዛ ትጠይቃለች። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ያወጣው ገደብ አለ። የ15 ቀኑ የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። የሚሰጠው ቪዛ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ከቦሎኛ ለንደን የሄደ ሰው ተመልሶ ቪየና መግባት አይችልም። ይህን ሁሉ ከእሷ በፊት የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። ያ ትኬት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ሁለት አማራጭ ሰጠችን። አንዱ ለንደንን መጨረሻ ላይ አድርጎ፣ የእንግሊዝን ቪዛ ለብቻው አውጥቶ፣ ከዚያው ወደ አገር ቤት መብረር ነው። ሁለተኛው ለንደንን መተው። «እህትዎ የእንግሊዝ ፓስፖርት ካላቸው ቦሎኛ ለመምጣት ቪዛ አያስፈልጋቸውም፣ ለምን እሳቸው አይመጡም?» አለችኝ። እንዲህ ስትል የሁለት ሰው የለንደን ትኬት ሽያጭ እየቀረባት ነበር። እህቴ መጣች። ልጄና አክስቷ ስንት ዓመት ተለያይተው እዚያው ተገናኙ።

ከዚያ የጠየቀችን ጥያቄ ነው ልቤን የነካው። «ልጅቷ ፈተናዋ መቼ ነው?» አለች። እኛ የምናስበው የእኔን የክረምት ዕረፍት ነበር፣ መምህር ነኝና። ለካስ ጣሊያን የዩኒቨርሲቲ ፈተና እስከ ሐምሌ ይዘልቃል። ቀደም ብለን ሄደን ቢሆን ልጄ ወይ እኛን ወይ ደብተሯን መተው ነበረባት። መጀመሪያ ልጄን በስልክ አግኝታ የፈተናዋን ቀን ተቀበለች፣ ቀኑን የቆረጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

መስመሩም ቀለለ። በሮም ገብተን በቪየና እንድንወጣ አደረገችው። ወደ ሮም ተመልሰን አንድ መንገድ ሁለቴ እንዳንደክምበት ማለት ነው። አየር መንገዳችን ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውን በረራ ጨምራ ሁሉንም በአንድ ትኬት አሰረችው። የጎንደሩ በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጣችሁ፣ አንድ ትኬት ከሆነ ማስተካከል የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ የተገዛ ትኬት ሲሆን ግን ኪሳራው የራስ ነው። ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለሚነሳ መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከከተማ ከተማ ሆቴል መቀያየርንም አስቀረችልን። «ቤታችሁ ቦሎኛ ይሁን» አለች። ፍሎረንስ ከቦሎኛ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም። ቬኒስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ ልጅ ጋር መመለስ ይቻላል። ልክ ነበረች። ባለቤቴ በበኩሉ ቦሎኛን ራሷን ነው የወደዳት። ከተማዋ መንገዶቿን ተከትለው ለኪሎ ሜትሮች በሚዘልቁ ባለ ቅስት የእግረኛ መተላለፊያዎች የታወቀች ናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ጠዋት ጠዋት ከልጁ ጋር በጥላው ስር ቀስ እያለ ይሄዳል። ከቦሎኛ ወደ ቪየና የሌሊት ባቡር መኖሩንም የነገረችን እሷው ናት። የባቡሩን ትኬት ልጃችን ከዚያው በኢንተርኔት ቀደም ብላ ብትገዛ እንደሚረክስ ነግራ ለእሷ ተወችላት። ከዚያ አንድ ሳንቲም አላገኘችም።

ስለ ቪዛው ወረቀት ባጭሩ ልናገር። ማመልከቻው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው የሚገባው፣ ለእኛ ጣሊያን ማለት ነው። ክፍያው ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነበር። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ በ45 ቀኑ ምክንያት እሷ በጊዜ እንድንጀምር ነው የገፋፋችን። ለማመልከቻው የትኬት ቡኪንግ ብቻ ሠርታ ሰጠችን፣ ገንዘቡን የከፈልነው ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ከተመታ በኋላ ነው። የልጃችን የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የቤት ካርታ፣ የባለቤቴ የጡረታ ደብተር፣ የእኔ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ከልጄ ደግሞ የግብዣ ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አይታ አደራጀችው። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ ስለሆነ የሁለታችንን ቀጠሮ በአንድ ቀን አገናኘችው። «ቪዛ አስወጣለሁ» የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ውሳኔው የኤምባሲው መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ነግራናለች። ለእኔ የታማኝነቷ ትልቁ ምልክት ይህ ነው።

ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ ረጅም መንገድም በእግሩ አይችልም። ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው እንዳያደርገው፣ ከሐኪሙም በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዲይዝ አስጠነቀቀችው። ዊልቸር ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ከተጠየቀ ክፍያ የለውም፤ ራሷ አስመዘገበችልን። ሮም ስንደርስ በስሙ የሚጠብቀው ሰው ነበር። የመመለሻችን ቀን ፍልሰታ ውስጥ ስለወደቀ የጾም ምግባችንንም አስቀድማ አዘዘችልን።

እናቶች ይህንን ደግሞ ልብ በሉ። እኔ ለልጄ ንጥር ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅቼ ነበር። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል መሆኑን፣ ኬላ ላይ እንደሚወረስ፣ ቅጣትም ሊኖረው እንደሚችል ነገረችኝ። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እናም በርበሬ፣ ቅቤ ያልነካው ሽሮ፣ ድርቆሽና ማር ይዤ ሄድኩ። ሁሉም በሰላም ገባ።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፣ ወረፋም አለ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ላይ እሷን ማግኘት ይከብዳል፣ ጠዋት በአካል መሄዱ ይሻላል። ለምክሯ ያስከፈለችን የለም፣ የከፈልነው የትኬቱን የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው።

የኔ ልጅ፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ጋሼም ሰላም ብሎሻል። ለመጪው ክረምት ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ያሰባችሁ ከአሁኑ ብቅ በሉ፤ የልጃችሁን የፈተና ጊዜና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ቢሮዋ የት እንደሆነ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ።