ጎዶት ለመጀመሪያ ጌም ጃም፦ በጎንደር፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተደረገ ግምገማ

የቪዲዮ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮችን የሚገመግሙ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድሩት የምስል ጥራትን፣ ፍጥነትንና ትልልቅ ስቱዲዮዎች የትኛውን እንደሚመርጡ ነው። ጎንደር ተቀምጦ፣ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕና በሞባይል ፓኬጅ የመጀመሪያ ጌሙን ለሚሠራ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መሣሪያው ከተሰጠው አጭር ጊዜ ምን ያህሉን ለራሱ ይወስዳል፣ ምን ያህሉንስ ለጌሙ ይተዋል? ጎዶት የተባለውን ጌም ኢንጂን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) በዚህ መለኪያ ስመዝነው ለመጀመሪያ ጌም ጃም ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። በአማርኛ ፊደል አያያዙና ጌሙን ለተጫዋች አዘጋጅቶ በማውጣቱ ሥራ ላይ ግን ሁለት ጠንካራ ቅሬታዎች አሉኝ።

ጌም ጃም በአጭርና በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በመክፈቻው ላይ በሚገለጽ ርዕስ ዙሪያ፣ ጌም ከባዶ ሠርቶ የማስረከብ ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሉደም ዴር ለብቻቸው ለሚወዳደሩ 48 ሰዓት፣ በቡድን ለሚሠሩ ደግሞ 72 ሰዓት በመስጠት የታወቀ ሲሆን፣ በ2009 የተጀመረው ግሎባል ጌም ጃም የሚውለው ብዙ ጊዜ በጥር ወር፣ ጎንደር የጥምቀት እንግዶቿን ሸኝታ በምታርፍበት ሰሞን ነው። እኔ የገባሁበት ከእነዚህ እጅግ ያነሰ፣ ለጀማሪዎች የታሰበና ጌሞች በሚታተሙበት ኢች ዶት አይኦ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚካሄድ የቅዳሜና እሁድ ጃም ነበር። ርዕሱ መሙላት የሚል ስለነበር ሐሳቡን ከደጃችን አገኘሁት፤ ተጫዋቹ የቀሃን ወንዝ ውኃ በቦይ እየመራ፣ የውኃ በሮችን እየከፈተና እየዘጋ፣ የከተራ ዕለት ታቦታቱ ከመድረሳቸው በፊት የዐፄ ፋሲለደስን ባሕረ ጥምቀት ይሞላል። ግቢው በእውነትም በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓሉ ውኃ የሚሞላ በመሆኑ፣ ሰዓት የሚያጣድፈው ጌም ለመሥራት ከዚህ የሚመች ጉዳይ አላገኝም ነበር።

ጎዶትን ኮምፒውተር ላይ መጫን አያስፈልግም። የተጠቀምኩበት 4.3 ዕትም በዚፕ የታሸገው ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት ያነሰ ነው፤ ይፈታል፣ ይከፈታል፣ ሥራ ይጀመርበታል። አካውንት ክፈት፣ በኢሜይልህ ግባ የሚል ጥያቄ የለውም፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው በፍላሽ ለአሥር ጓደኞቹ ሊያድለው ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚያውቁት ሌላው ጌም ኢንጂን ዩኒቲ በአንጻሩ በቅድሚያ የራሱን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ አካውንትና ብዙ ጊጋባይት ማውረድን ይጠይቃል። ዩኒቲ ትልቅ አቅም ያለው መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ፓኬጅ እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ይህ ልዩነት ጃሙን በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ፈቃዱም በዚሁ መንፈስ የተሰጠ ነው። ጎዶትን መጀመሪያ የሠሩት አርጀንቲናውያኑ ጁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው በኤምአይቲ ፈቃድ ስለለቀቁት፣ ጌሙን የሠራ ሰው ዛሬም ሆነ ወደፊት ለኢንጂኑ የሚከፍለው ነገር የለም። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ጌሙ በተጫዋቾች መሣሪያ ላይ በተጫነበት ብዛት የሚሰላ ክፍያ እንደሚያስከፍል ሲያስታውቅ ብዙ ሠሪዎች ወደ ጎዶት ፊታቸውን ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ዩኒቲ ክፍያውን የሰረዘው ከዓመት በኋላ ነው።

አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ጎዶት ከሦስት የምስል አሠራሮች አንዱን ያስመርጣል። ሁለቱ ቩልካን የሚባለውን አዲስ ቴክኖሎጂ የሚፈልጉ ሲሆን፣ ሦስተኛውና ኮምፓቲቢሊቲ የተባለው ኦፕን ጂኤል 3.3 በተባለው የቆየ የምስል ቴክኖሎጂ ላይ ይሠራል። ላፕቶፑ አሮጌ የሆነ ሰው ያለማመንታት ይህን ሦስተኛውን ይምረጥ። ጌሙን በብሮውዘር ለማጫወት የሚያገለግለውም እሱ ብቻ ስለሆነ በኋላ ላይ ሥራ ያቀላል።

የጎዶት ዋና ጥንካሬ ግን ጌምን የሚያደራጅበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ማንኛውም ነገር ኖድ ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይሠራል፤ ኖዶቹ እንደ ዛፍ ተቀጣጥለው ሲን የሚባለውን ይፈጥራሉ፤ አንድ ሲን ደግሞ በሌላ ሲን ውስጥ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ሊገባ ይችላል። የውኃ በሬን የሠራሁት ምስል ከሚያሳይ ኖድ፣ ንክኪ ከሚቀበል ኖድና የንክኪውን ወሰን ከሚያመለክት ኖድ ሲሆን፣ ይህን አንድ በር ከጨረስኩ በኋላ ቦዩ በሚከፋፈልበት ሁሉ እያስገባሁ ደረደርኩት። የበሩን ቀለም በራሱ በበሩ ሲን ላይ ስቀይር በካርታው ላይ ያሉት በሮች ሁሉ አብረው ተቀየሩ። በሩ ሲከፈት ስለ ውኃው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሲግናል የሚባለውን መልእክት ይልካል፣ ውኃውን የሚቆጣጠረው ሲንም መልእክቱን ሰምቶ ሥራውን ይሠራል። ፕሮግራም መጻፍን በቅርቡ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ሁሉም ነገር በሁሉም ነገር ውስጥ እጁን ሲያስገባ ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ሳይታወቀው በጎ ልማድ ያስይዘዋል።

የውኃው ፍሰት ራሱ ካርታውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ሰዓት ቆጣሪ ኖድ በደወለ ቁጥር እያንዳንዱ ውኃ የያዘ ክፍል ጎረቤቶቹን እንዲጠይቅ ማድረግ ብቻ ነው። የኢንጂኑ የራሱ ቋንቋ ጂዲስክሪፕት ልክ እንደ ፓይተን በመስመር ገብታ የሚደራጅ በመሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ፓይተን የተማረ ሰው በአንድ ምሽት ይለምደዋል። ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ደግሞ ቋንቋው በላቲን ፊደል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ‹‹የውኃ_መጠን›› ብዬ የሰየምኩት ተለዋዋጭ (በኮድ ውስጥ ዋጋ የሚይዝ ስም) ያለ አንዳች ችግር ሠርቶልኛል። ለዓለም አቀፍ ቡድን ይህን አልመክርም፤ ኮምፒውተር እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ብቻ የተሠራ ለሚመስለው ተማሪ ግን የራሱን ፊደል በኮዱ ውስጥ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

መብራት በድንገት መጥፋቱ የታወቀ ስለሆነ ይህንንም መመዘን ነበረብኝ። ጎዶት ጌሙን ለመሞከር ኤፍ5 በተጫነ ቁጥር አስቀድሞ ሥራውን ሴቭ ያደርጋል። ጃም ላይ ያለ ሰው በየደቂቃው ስለሚሞክር ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ቢጠፋ እንኳ የሚጠፋው ሥራ ትንሽ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም ኤፍ1 ሲጫኑ የኖዶቹና የትእዛዞቹ ሙሉ ማብራሪያ በኢዲተሩ፣ ማለትም ጌሙ በሚሠራበት የጎዶት መስኮት ውስጥ ይከፈታል፤ ሰፊውን መመሪያም አስቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። እንግሊዝኛው ለጀማሪ ይከብዳል፤ ምሳሌዎቹ ግን ግልጽ ናቸው።

ስለ ሥዕሉ ብዙ የምለው የለም። እህቴ በትንንሽ ፒክሰል የሣለቻቸው ግንቦችና የዛፍ ሥሮች መጀመሪያ ላይ ደብዝዘው ታዩ፤ በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ውስጥ የምስል ማጣሪያውን ኒረስት ወደሚባለው መቀየር ችግሩን ጨርሶ ያስወግደዋል። ድምፅ የጨመርኩት የጎረቤታችን ልጅ ጌሙን ሲሞክር ‹‹ጋሼ፣ ውኃው ሲገባ ለምን አይሰማም?›› ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። አንድ የድምፅ ኖድ በበሩ ሲን ውስጥ መጨመር በቂ ሆነ፤ ልጁም ከዚያ በኋላ በሮቹን መዝጋት ትቶ መክፈት ብቻ ያዘ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እመጣለሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ነው። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት የግእዝ ፊደላት የሉትም፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ ላይ ሲሠራ የጎደለውን ከሲስተሙ ፎንቶች ስለሚበደር ‹‹ውኃው ሞላ›› የሚለው ጽሑፍ ያምራል፣ ሠሪውም ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። ጌሙ በብሮውዘር ሲከፈት ግን የሲስተም ፎንት መበደር አይቻልም፤ በፊደላቱ ቦታ የሚታየው የባዶ ሳጥን ረድፍ ይሆናል። ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሙሉ ጽሑፍን ወደ ሳጥን የሚለውጥ ነገር ጌሙ ሲወጣ በማስጠንቀቂያ መነገር ነበረበት፤ ኢዲተሩ ግን አንዳች አይልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉትን ነፃ ፎንቶች ወደ ፕሮጀክቱ አስገብቶ የፕሮጀክቱ ዋና ፎንት አድርጎ መምረጥ ብቻ ይበቃል። የፒክሰል ጌም የሚሠራ ሰው ግን ተጨማሪ ፈተና አለበት። ላቲን ፊደል በ8 ፒክሰል ቁመት በደንብ ይነበባል፤ ‹‹ሉ››ን ከ‹‹ሊ›› የሚለየው ትንሽ ጭረት ግን በዚያ መጠን ይጠፋል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፉን ከሥዕሉ ከፍ ባለ መጠንና በተለመደው ለስላሳ ፎንት ማሳየቱን መርጫለሁ፤ ከፒክሰሉ ጋር ባይዋሐድም ሰው የማያነበው ጽሑፍ ከማቅረብ ይሻላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጌሙን ለተጫዋች አዘጋጅቶ የማውጣቱ ሥራ ነው። ኢዲተሩ ትንሽ መሆኑ ጀማሪን ያዘናጋል፤ ጌሙን ለብሮውዘር፣ ለዊንዶውስ ወይም ለሞባይል አድርጎ ለማውጣት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የተባለ ሌላ ፋይል ማውረድ ግድ ነው፤ እሱም ከኢዲተሩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ከዕትሙ ቁጥርም ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ይህን የእሁድ ማታ ሥራ ማድረግ በእኛ ኢንተርኔት ፍጥነት ጌሙን ሳያስረክቡ መቅረት ሊሆን ይችላል፤ አርብ ከመድረሱ በፊት ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ይውረድ። ከዚያ ያለው መንገድ ግን ካለፉት ዕትሞች ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ አጋማሽ 2024 የወጣው 4.3 ጌሙን በአንድ የሥራ ክር (ትእዛዞች በተራ በሚፈጸሙበት አንድ መስመር) ብቻ ለብሮውዘር ማውጣት ስለፈቀደ፣ ቀድሞ ከአስተናጋጁ ድረ ገጽ ይጠየቅ የነበረው ልዩ ማስተካከያ ቀርቷል፤ ኢንዴክስ የተባለውን የኤችቲኤምኤል ፋይል ከሌሎቹ ጋር ዚፕ አድርጎ ኢች ዶት አይኦ ላይ መጫን ይበቃል። ጎዶት በሚቀበለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ በሲ ሻርፕ የተጻፈ ጌም ግን በጎዶት 4 ለብሮውዘር አይወጣም፤ ጀማሪው በጂዲስክሪፕት እንዲጽፍ የምመክርበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። አንድሮይድ አፕ አድርጎ ማውጣትም ይቻላል፤ የጃቫና የአንድሮይድ መሥሪያዎችን ለብቻ ማስገባትን ስለሚጠይቅ ግን ለመጀመሪያ ጃም አይሆንም።

እዚህ ከተማ ጌሙን የሚሞክሩልን ሰዎች አብዛኞቹ ስልክ እንጂ ኮምፒውተር የላቸውም። በዚህ ረገድ ጎዶት ደስ አሰኝቶኛል፤ የጣት ንክኪን እንደ ማውስ ክሊክ አድርጎ የሚተረጉመው ከመነሻው ስለሆነ፣ በማውስ የሚከፈቱት በሮች አንድ መስመር ኮድ ሳልጨምር በስልክ ብሮውዘርም ተከፈቱ። ያሳዘነኝ ክብደቱ ነው። ትንሽ ጌም እንኳ ሲወጣ ኢንጂኑን ሙሉ በሙሉ ተሸክሞ ስለሚወጣ ፋይሉ በአሥራዎች ሜጋባይት ይቆጠራል፤ ከሞባይል ፓኬጁ ለእኔ ጌም ብሎ የሚቀንስ ሰው ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል። አቅሙ ዝቅተኛ በሆነ ስልክ ላይ ውኃው የሚፈሰው ቆም፣ ቆም እያለ ነበር፤ የካርታውን ስፋት መቀነስ ረድቶታል።

ጎዶትን ለመጀመሪያ ጃሙ ለመያዝ ያሰበ ሰው ኢዲተሩን፣ የዕትሙን ቴምፕሌት፣ አንድ የግእዝ ፎንትና ከኢንተርኔት ውጭ የሚነበበውን መመሪያ በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀድሞ ያሰናዳ። ርዕሱ ከመገለጹ በፊትም አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ የተጻፈበት ባዶ ፕሮጀክት ሠርቶ ለብሮውዘር ያውጣው፣ በስልኩም ከፍቶ ፊደሉ መነበቡን ያረጋግጥ።