ኤስሲኦ ዩኒክስ፦ ኩባንያው ከራሱ የጨመረው ምን ያህል ይረባል?

ሳንታ ክሩዝ ኦፕሬሽን (ኤስሲኦ) የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለኢንቴል 386 ኮምፒውተር ያወጣው ዩኒክስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሠረቱ የኤቲ ኤንድ ቲ ሲስተም ፋይቭ 3.2 ነው። መሠረቱን ሌሎችም ይሸጡት ስለነበር የሚመዘነው በላዩ በተጨመረው ነው።

ከሁሉም የሚረባው ኤምኬዴቭ የሚባለው ኮማንድ ነው። የመረጃ መቅጃ ቴፕ ሲገጠም “ኤምኬዴቭ ቴፕ” ብሎ ጥያቄዎቹን መመለስ ነው፤ ድራይቨሩን (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) አስገብቶ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) እንደገና ይሠራል። ለተጨማሪ ስከዚ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ዲስክ “ኤምኬዴቭ ኤችዲ” ሁለት ጊዜ ይጠራል፦ መጀመሪያ ለከርነሉ፣ ከሪቡት በኋላ ዲስኩን ለመከፋፈል። አዲሱ ከርነል አልነሳ ካለ፣ ቡት ሲል “ዩኒክስ ነጥብ ኦልድ” ብሎ በአሮጌው ማስነሳት ይቻላል። ነገር ግን ከርነሉ በላዩ ሌላ ጊዜ ከተሠራ ብልሹው የደህናውን ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚሠራውን ቀድሞ በሌላ ስም ኮፒ ማድረግ ነው።

አንድ ኮንሶል (የማሽኑ የራሱ ስክሪንና ኪቦርድ) ላይ ከአልት ኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ለየብቻ ሎጊን ማድረግ መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። የዶስ ፍሎፒ ማውንት ሳይደረግ (ከፋይል ሲስተሙ ጋር ሳይያያዝ) በዶስሲፒ ኮማንድ ይገለበጣል። የኔትወርክ ሶፍትዌሩ ቲሲፒ አይፒና የፕሮግራም መሥሪያው ሲ ኮምፓይለር ግን ለብቻ ይሸጡ ነበር፤ ይህ ያስተዛዝባል።

ተርሚናልና ሞደም በሚሰካበት ሲሪያል ፖርት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ፖርት ሁለት ስም አለው፦ ቲቲዋይ1 በትንሿ ኤ ለቀጥታ ገመድ፣ በትልቋ ኤ ለሞደም። በሦስት ሽቦ ብቻ የተያያዘ ተርሚናል በትልቋ ከተከፈተ ፖርቱ የካሪየር ምልክት (ሞደም መስመሩ ተገናኝቷል ሲል የሚሰጠውን) ሲጠብቅ ይቀራል፤ ሎጊን አይመጣም። አንዱን ዲሴብል አድርጎ ነው ሌላውን ኢኔብል ማድረግ።

ራስ ምታቱ ሲ2 የተባለው (በአሜሪካ መንግሥት የደህንነት ደረጃ የተሰየመው) የደህንነት ሽፋን ነው። የተጠቃሚው መረጃ ከፓስወርድ ፋይሉ ሌላ ቲሲቢ በሚባል ዳይሬክተሪ ሥርም ይቀመጣል፤ የፓስወርድ ፋይሉን በቪአይ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) የነካካ ሁለቱን ያጣላል። ፋይል እየታደሰ መብራት ከጠፋ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሰረዝና ቲ ያለበት ጊዜያዊ ቅጂ ይቀርና ሰው እንዳይገባ ያግዳል። ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ግን በኮንሶሉ የመጀመሪያ ስክሪን ይገባል። ዋናው ፋይል ካለና ባዶ ካልሆነ ቅጂውን ማጥፋት፤ ዋናው ከሌለ ቅጂውን በዋናው ስም መሰየም፤ ቀጥሎ የደህንነት ፋይሎቹን የሚፈትሸውን ኦውዝሲኬን ማስኬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ተከታዩ ኦፕንሰርቨር 5 ሲጫን የደህንነት ደረጃ ስለሚጠይቅ፣ የሚያስገድድ ደንብ ከሌለ “ትራዲሽናል” የሚለውን መምረጥ ይሻላል።