ለአሮጌ ሃይሉክስ የትኛው ራዲያተር? መዳብ፣ ባለፕላስቲክ ታንክ ወይስ ሙሉ አሉሚኒየም

ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት የደከመ ራዲያተርን ያጋልጣል። መኪናው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣው በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። ከተማ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ የማይለው ሃይሉክስ እዚህ ሲደርስ ውሃ ያፈላል። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተሠሩት ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣዎች ደግሞ ሙቀት ላይ ቀልድ አያውቁም፤ አንዴ ክፉኛ ከሞቁ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከሞተሩ አካል ጋር የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ሲብስም ቴስታታው ይሰነጠቃል። የቴስታታ ወጪን የሚያውቅ ሰው በራዲያተር ዋጋ ብዙ አይከራከርም።

ገበያ ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ነው፤ አሮጌዎቹ ሃይሉክሶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ነው። ውሃ የሚይዙት የጫፍ ታንኮቹ ደህና ከሆኑ ሙሉውን መግዛት ግድ አይደለም፤ ኮሩን፣ ማለትም ቱቦዎችና ክንፎች ያሉበትን መሃሉን፣ ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ራዲያተር ሠሪው ታንኩን በእሳት አሙቆ ብየዳውን ያቀልጥና ያነሳዋል፣ አዲሱን ኮር ገጥሞ መልሶ በስታኞ (በቀላሉ በሚቀልጥ የብየዳ ብረት) ይበይደዋል። ከዚያ አፎቹን ደፍኖ ውሃ ውስጥ ያስገባውና አየር ይነፋበታል። አረፋ ከወጣ ገና አላለቀም ማለት ነው። ይህን ሙከራ ሳያዩ ሒሳብ አይክፈሉ። ኮር ሲቀየር ባለሁለት ረድፍ ቱቦውን ወደ ባለሦስት ረድፍ ማሳደግም ይቻላል፤ ግን ስለሚወፍር ከፋኑ ጋር ያለው ክፍተት አስቀድሞ ይለካ። የመዳብ ጉዳቱ ክብደቱና ዋጋው ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን መንገድ ላይ ቢቀደድ በየትኛውም የወረዳ ከተማ የሚበይደው ሰው አለመጥፋቱ ነው።

ሁለተኛው የአሉሚኒየም ኮር ላይ ፕላስቲክ ታንክ ተገጥሞ የብረቱ ጠርዝ የታጠፈበት ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፤ አዲስ ሳለም በደንብ ያቀዘቅዛል። መዳብ ከአሉሚኒየም በተሻለ ሙቀት ቢያስተላልፍም የአሉሚኒየሙ ቱቦዎች ሰፋ ብለው ስለሚሠሩ ልዩነቱን ያካክሳሉ፤ ስለዚህ «አሉሚኒየም አያቀዘቅዝም» የሚለውን ወሬ አይስሙ። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ፕላስቲኩ በዓመታት ሙቀት ይደርቅና ብዙውን ጊዜ በላይኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) አፍ ዙሪያ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ያኔ ብየዳ የለም፤ መጣል ነው። በማጣበቂያ የተደፈነውም ግፊት ሲበዛበት ይከዳል።

ሦስተኛው ሙሉ አሉሚኒየም፣ ታንኩ ከኮሩ ጋር በአርጎን ጋዝ የተበየደ ነው። መልኩ ያምራል፣ ውሃም ብዙ ይይዛል፤ ቱርቦ ለተገጠመለት ወይም ሞተሩ ለተቀየረ መኪና ተገቢ ነው። ሞተሩ ካልተነካ ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል እላለሁ። ኮረኮንች መንገድ ላይ ማሰሪያው በጎማ ካልተደገፈ ብየዳው በንዝረት ይሰነጠቃል፣ አርጎን በያጅም በየመንገዱ አይገኝም። ሁለቱም የአሉሚኒየም ዓይነቶች የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላባቸው ከውስጥ ይበላሉ፤ ኩላንት ግዴታቸው ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጭነት ይዞ ቆላ ለሚወርድ መኪና ባለሦስት ረድፍ መዳብ፣ ከአዲስ አበባ እምብዛም ለማይወጣ ደብል ጋቢና ባለፕላስቲኩ። ያገለገለ ራዲያተር «ኦሪጅናል ነው» ቢባልም አልመክርም። ውስጡ በደለል ተደፍኖ እንደሆነ በዓይን አይታይምና።

ግን ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ይፈትሹ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ፋኑ መቆሙን አይተው ኮሩን ከላይ እስከ ታች በእጅ ጀርባ በጥንቃቄ ይዳስሱ። ሙቀቱ ወደ ታች ቀስ እያለ መቀነሱ ጤና ነው፤ በመሃል አንድ ቦታ ድንገት ከቀዘቀዘ ግን እዚያ ያለው ቱቦ ተደፍኗል። ቀጫጭን ክንፎቹ በጣት ሲነኩ ከረገፉም ዕድሜው አልቋል። ፋኑን የሚከበው ላሜራ ወይም ፕላስቲክ በጥገና ሰበብ ወጥቶ ቀርቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይመልሱ፤ ያለሱ ፋኑ የሚስበው አየር ከጎን ስለሚገባ አዲስ ራዲያተርም አያድነውም።

የራዲያተሩ ክዳንም እንዲሁ ይፈተሽ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ይህን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ስለሚለቅ ራዲያተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃ ያፈላል፤ የክዳን ዋጋ ደግሞ ከራዲያተር ጋር አይወዳደርም። መካኒኩ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ካለ እሺ አይበሉ። ቴርሞስታት እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ሞተሩ ሲሞቅ ራዲያተሩን የሚዘለውን አቋራጭ መስመር የሚዘጋው እሱ ነው፤ ከወጣ የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ራዲያተር ይዘው ይሂዱ። የማኒኮቶ አፎቹን ውፍረትና አቅጣጫ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የኮሩን ውፍረት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ የታችኛው ታንክ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ማቀዝቀዣ ያለው መሆን አለበት፤ የማንዋሉ ርካሽ ነው ተብሎ ቢቀርብልዎት አይሆንም።